ትልቁ ጉባኤ ወይስ ትንሹ ስብሰባ?

እ.ኤ.አ. በ1927 ኤዲንብራ ላይ የተመሠረተው ኢፍላ (ዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ፌዴሬሽን) የሚያዘጋጀው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ሰፊ ነው። ስለ ሕፃናት ንባብ፣ ስለ ቅጂ መብት፣ ስለ ጥንታዊ ጽሑፎች ጥበቃ በተለያዩ አዳራሾች በአንድ ሰዓት ይወራል፤ አንዱን ሲመርጡ ሌላው ያመልጣል። ከትልልቅ ንግግሮች ይልቅ ብዙ ያተረፍኩት ከፖስተር ገለጻዎች ነው። ሥራውን የሠራው ሰው ራሱ እዚያው ቆሞ ስለሚጠብቅ፣ መድረክ ላይ የማይነገረውን ችግር ሳይደብቅ ይነግራል። የሶፍትዌር ሻጮቹ ዐውደ ርእይ ግን አድካሚ ነው፤ የማያስፈልገንን ነገር አስወድዶ ይመልሳል።

በትንሹ ስብሰባ ሠላሳ የማንሞላ የካታሎግ ሠራተኞች አንድ ክፍል እንቀመጣለን። ማርክ በተባለው፣ የመጻሕፍት መረጃ በኮምፒውተር በሚመዘገብበት ሥርዓት፣ 245 መስክ ላይ፣ ማለትም ርእስ በሚመዘገብበት ቦታ፣ ግማሽ ቀን እንከራከራለን። ላየን ሰው አስቂኝ ነው! ግን ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ስመለስ ወዲያው የምጠቀምበት ይህንኑ ነው። ወጪውም ይቀላል።

የዓመቱ በጀት አንዱን ብቻ የሚፈቅድ ከሆነ ትንሹን እመርጣለሁ። ለጀማሪ ባለሙያ ግን ትልቁን አንዴ እንዲያይ እመክራለሁ፤ በተለይ ፖስተር ይዞ መሄድ ከቻለ።