የጨው ክሎሪን ማሽን ሲመርጡ ሴንሰሩን ያወዳድሩ

ለመዋኛ ገንዳ ከጨው ክሎሪን የሚያመርት ማሽን የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ዋጋውንና በሰዓት ስንት ግራም እንደሚያመርት ነው። ሥራ ከጀመረ በኋላ ግን ብዙ ጊዜ ማሽኑን የሚያስቆመው ሴንሰሩ ነው። ስለዚህ ሻጩን፣ ማሽኑ የውኃውን ፍሰት፣ ጨዉንና ክሎሪኑን በምን እንደሚያውቅ ይጠይቁት። ሴንሰሮቹ ለየብቻ ይቀየሩ እንደሆነም ያረጋግጡ።

የውኃ ፍሰት፦ ባለ ምላስ ወይስ የጋዝ?

ሴሉ፣ ማለትም የማሽኑ ክሎሪን የሚያመርተው ክፍል፣ ከክሎሪን ጋር ሃይድሮጂንም ያወጣል። ውኃው ቆሞ ሴሉ መሥራቱን ከቀጠለ ጋዙ ይጠራቀማል፤ ሊፈነዳም ይችላል። ባለ ምላሱ ሴንሰር ውኃ ሲገፋው ይታጠፍና በማግኔት የኤሌክትሪክ መስመሩን ያገናኛል። ሲገጠም ቀስቱ ወደ ፍሰቱ አቅጣጫ ይሁን፤ ከፊቱም ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ቀጥ ያለ ቧንቧ ይኑር፤ አለበለዚያ የሚሽከረከረው ውኃ ምላሱን ያወዛውዘዋል። የጋዝ ሴንሰር ደግሞ በሴሉ የላይኛው ክፍል ያለ ኤሌክትሮድ ነው፤ ጋዝ ተጠራቅሞ ውኃው ከሸሸው ማሽኑን ያቆማል። የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው አይሰበርም፤ የሚያውቀው ግን ውኃ መኖሩን እንጂ መፍሰሱን አይደለም፤ ሴሉም አምራቹ ባለው አቅጣጫ ካልተገጠመ አይሠራም። ለእኛ ባለ ምላሱ ይበልጣል፤ ሁለቱም ካሉ ደግሞ እሰየው።

ፍተሻው ቀላል ነው፦ ማሽኑ እንደበራ ፓምፑን ብቻ ያጥፉ። ወዲያው ወይም በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ «ፍሰት የለም» ካላለ ማሽኑን አጥፍተው ሴንሰሩን ይቀይሩ። ውኃ እየሄደ «የለም» የሚል ከሆነ ምላሱ ላይ ቅጠል፣ ፀጉር ወይም ነጭ ቅርፊት ይፈልጉ።

ጨው፦ በሴሉ በራሱ ወይስ በተለየ ሴንሰር?

ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ርካሽ ማሽኖች ጨዉን የሚገምቱት በሴሉ ከሚያልፈው ኤሌክትሪክ ነው። የሴሉ ሳህኖች ሲያረጁ ወይም ካልሲየም ሲለብሱ ኤሌክትሪኩ ስለሚቀንስ ማሽኑ «ጨው አነሰ» ይላል። ባለቤቱም ጨው ይጨምራል። ለ50 ሜትር ኩብ ገንዳ 1,000 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ 1,000 እጅ) ለመጨመር 50 ኪሎ ጨው ያስፈልጋል፤ አንዴ ከገባ ደግሞ ውኃውን ከማፍሰስ በቀር መቀነሻ የለውም። ስለዚህ ጨው ከመጨመርዎ በፊት በተለየ መለኪያ ይለኩ፤ ብዙ ማሽኖች የሚፈልጉት ከ2,700 እስከ 3,400 ፒፒኤም ነው።

የተለየ የጨው ሴንሰር ያለው ማሽን ይህን ስህተት በእጅጉ ይቀንሳል፤ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽም ይጸዳል። ሁለቱም ዓይነቶች ግን የሙቀት ሴንሰር ይፈልጋሉ፤ የውኃ አስተላላፊነት በ1 ዲግሪ ሴልሲየስ 2 በመቶ ያህል ይለዋወጣልና። ማሽኑ የሚያሳየውን ሙቀት በቴርሞሜትር ያመሳክሩ። የሚለካው የሟሟውን ማዕድን ሁሉ ስለሆነ፣ እንደ ስምጥ ሸለቆው ዓይነት ማዕድን የበዛበት የጉድጓድ ውኃ የጨዉን ቁጥር ከፍ አድርጎ ያሳያል።

ቅርፊት የያዘ ሴል ሲታጠብ በ4 እጅ ውኃ ላይ 1 እጅ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይጨመራል። አሲዱ ወደ ውኃው እንጂ ውኃው ወደ አሲዱ በፍጹም አይጨመርም። ጓንትና መነጽር ያድርጉ፤ አረፋው ሲያበቃ ወዲያው ያውጡት፣ አሲድ የሳህኑን ሽፋን ይበላዋልና። በብረት መፋቅ ክልክል ነው።

ክሎሪንን በራሱ የሚቆጣጠር ማሽን

ኦአርፒ ሴንሰር የውኃውን ጀርም የመግደል ኃይል በሚሊቮልት ያሳያል፤ የተለመደው ከ650 እስከ 750 ነው። ዋጋው መካከለኛ ነው። ፀሐይ ላይ ባለ ገንዳ ግን ክሎሪኑን ለመጠበቅ የሚጨመረው ሳያኑሪክ አሲድ ንባቡን ያወርደዋል፤ ማሽኑም ክሎሪን ከልክ በላይ ያመርታል። ክሎሪኑን በቀጥታ የሚለካው አምፔሮሜትሪክ ሴንሰር የተሻለ ነው፤ ሆኖም ውድ ነው፣ ቋሚ ፍሰት ይፈልጋል፣ ስስ ሽፋኑና ውስጡ ያለው ፈሳሽም በየጊዜው ይቀየራል።

ሁለቱም አብዛኛውን ጊዜ የውኃውን አሲድነት ከሚለካው የፒኤች ሴንሰር ጋር ይመጣሉ። ይህን በ7 እና በ4 ባፈር (ፒኤቹ በታወቀ ፈሳሽ) በወር አንዴ ያስተካክሉ፤ ከ7 ወደ 4 ሲዛወር ከ2 ደቂቃ በላይ ከፈጀበት ደክሟል። ጫፉ መድረቅ የለበትም፤ የሚቀመጠውም በፖታሲየም ክሎራይድ ፈሳሽ እንጂ በተጣራ ውኃ አይደለም። ሴንሰሮቹ ከሴሉ በፊት ባለው ቧንቧ ላይ ይገጠሙ። ሴሉ ሲበራ ቁጥሩ ድንገት ከዘለለ ኤሌክትሪክ ወደ ውኃው እየሾለከ ነው፤ የመሬት መስመሩን ያስፈትሹ።

በየወሩ የሚያስተካክል ሰው ለሌለው የመኖሪያ ቤት ገንዳ ይህን መግዛት አንመክርም። ባለ ምላስ ሴንሰርና የተለየ የጨው ሴንሰር ያለውን ይግዙ፤ ክሎሪኑን በሳምንት ሁለት ጊዜ በእጅ እየለኩ ምርቱን ያስተካክሉ። ቴክኒሻን ላለው ሆቴል ግን አምፔሮሜትሪኩ ዋጋውን ያወጣል። የፒኤች ሴንሰር መደርደሪያ ላይ ተቀምጦም ስለሚያረጅ ሲገዙ የተመረተበትን ቀን አይተው ይረከቡ።