ቪስትሮም 650 ላይ ሎወሪንግ ሊንክ፦ ግማሽ ዓመት ከነዳሁት በኋላ

የሱዙኪ ቪስትሮም 650 ሞተር ሳይክል መቀመጫ ከመሬት 835 ሚሊሜትር ይርቃል። እኔ ደግሞ አጭር ነኝ። ሲሄድ ምንም ችግር የለም፤ ቀይ መብራት ላይ ግን በጣቶቼ ጫፍ ነበር የምቆመው፣ ከ200 ኪሎ በላይ የሚመዝን ሞተር በጣት ጫፍ መያዝ ደግሞ፣ በተለይ አስፋልቱ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ፣ ቀልድ አይደለም። ስለዚህ ኋላውን 25 ሚሊሜትር ገደማ ዝቅ የሚያደርግ ሊንክ ገዛሁ።

ዕቃው ቀላል ነው። ከሾኩ (ንዝረት ከሚያበርደው የኋላ ክፍል) ስር ያሉትን ጥንድ ብረቶች አውጥተህ ረዘም ባሉ ትተካቸዋለህ፣ በቃ። ቡሎኖቹን በግምት አታጥብቅ፣ የማጥበቂያ ልኩ መመሪያው ላይ አለ። ከፈታህ አይቀር ቤሪንጎቹን ግራሶ ቀባቸው፤ ጭቃና ውሃ ቀድሞ የሚበላው እነሱን ነው።

አሁን የሁለቱም እግሬ መዳፍ መሬት ይይዛል። ለከተማ ይሄ ብቻውን ገንዘቡን አውጥቷል።

ሻጩ የማይነግርህ ነገር ግን አለ። ኋላው ሲወርድ ፊቱ ቀና ይልና መሪው ይሰንፋል። እኔ የምወደው ጠመዝማዛ ቨርጂኒያ ያለው ስካይላይን ድራይቭ ነው፤ እዚያ ሞተሩ ኩርባ ውስጥ ለመግባት መለገም ጀመረ። መድኃኒቱ የፊት ሾኮቹን ከያዣቸው ላላ አድርጎ በዚያው ልክ ወደ ላይ ማሳለፍ ነው፣ ሁለቱንም እኩል። ጠባዩ ወዲያው ተመለሰ። የፊት መብራቱንም እንደገና አስተካክለው፣ አለዚያ ማታ ከፊት የሚመጣው ሾፌር ሁሉ ይሰድብሃል።

የጎን ማቆሚያውም ረዘመበት። ሞተሩ ከልክ በላይ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም በትንሽ ግፊት ወደ ሌላው ጎን ሊወድቅ ይችላል። አጠር ያለ ማቆሚያ ገዛሁ፤ ዋጋውን ስታሰላ ይሄንንም ጨምር።

እስካሁን ያልወደድኩለት ሰው ስጭን ነው። ኋላው ከበፊቱ ለስልሷል፣ ጉድጓድ ሲያገኝ ጎማው ወደ ፓራፋንጎው ይጠጋል። ጎን ላይ ያለችውን የፕሪሎድ ማዞሪያ፣ ማለትም የሾኩን ሞላ አስቀድማ የምትጨምቀውን፣ አጠብቃታለሁ፣ ግን ፕሪሎድ ሞላውን አያጠነክረውም፤ የሚያደርገው ኋላውን ከፍ ማድረግ ነው። በገንዘቤ ያወረድኩትን በእጄ መልሼ እያነሳሁ ነው ማለት ነው! ስታስተካክል በስሜት ሳይሆን በሜትር ለካ። መጀመሪያ ጎማው አየር ላይ እያለ ከኋላ ጎማው አክስል እስከ ጭራው፣ ከዚያ ተቀምጠህበት። የኋላው እንቅስቃሴ 160 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ስትቀመጥበት ሲሶው፣ ማለትም 50 አካባቢ ቢወርድ ጥሩ ነው።

ብቻህን የምትነዳና እግርህ የማይደርስ ከሆነ ግዛው። ሁሌ ሰው ወይም ሻንጣ የምትጭን ከሆነ መጀመሪያ ዝቅ ያለ መቀመጫ ሞክር፣ እሱ ሾኩንም መሪውንም አይነካም። የፋብሪካውን ሊንክ ደግሞ እንዳትጥለው፤ ሞተሩን ስትሸጥ ገዢው ረጅም ሊሆን ይችላል።