«ሂር አይ ጎ አጌን»፦ የ1982ቱ ወይስ የ1987ቱ?

ብዙ ሰው የሚያውቀው የእንግሊዙን ሮክ ባንድ የዋይትስኔክን «ሂር አይ ጎ አጌን» እ.ኤ.አ. በ1987 በወጣው መልኩ ነው። ዘፈኑ ግን ከዚያ 5 ዓመት ይቀድማል። መጀመሪያ የተሰማው በ1982 «ሴይንትስ ኤንድ ሲነርስ» በተባለው አልበም ላይ ነው።

የባንዱ ድምፃዊ ዴቪድ ከቨርዴል ግጥሙን ሲጽፍ የመጀመሪያ ትዳሩ እየፈረሰ ነበር። ዘፈኑን ከጊታሪስቱ በርኒ ማርስደን ጋር ሠሩት። የ1982ቱን ስሰማ ያ ሐዘን ገና ትኩስ ነው። ጆን ሎርድ በኦርጋን ቀስ ብሎ ይከፍታል። ኢያን ፔይስ ከበሮውን ሳይቸኩል ይመታል። ሁለቱም ቀድሞ ዲፕ ፐርፕል የተባለው የሮክ ባንድ ሰዎች ነበሩ። ዘፈኑ ብሉዝ ብሉዝ ይላል፤ ብቻውን መንገድ የጀመረ ሰው አጠገብህ ቁጭ ብሎ የሚያወራህ ይመስላል።

እንደገና የተቀዳው የ1987ቱ ሌላ ዓለም ነው። ጊታሩ ወፍራም፣ ኪቦርዱ የሚያብለጨልጭ፣ አዝማቹ ስታዲየም የሚሞላ። የጊታሪስቱ አድሪያን ቫንደንበርግ ሶሎ አጭር ነው፤ ግን ሰውነትን ይወርራል። «ሆቦ» (ቤት አልባ ተንከራታች) የምትለዋ የግጥሙ ቃልም ሌላ ቃል ሆና እንዳትሰማ በ«ድሪፍተር» (ተንከራታች) ተተካች። በአሜሪካ የቢልቦርድ ሰንጠረዥ 1ኛ የወጣው ይኸው ነው። ተዋናይቷ ታውኒ ኪቴን በጃጓር መኪኖች ላይ የምትታይበት ቪዲዮም በሙዚቃ ቴሌቪዥን ጣቢያው ኤምቲቪ ገነነ።

የባንዱ ወዳጆች እስከ ዛሬ በዚህ ይከራከራሉ። እኔ ለረጅም መንገድና ለጓደኞች ጨዋታ የ1987ቱን እከፍታለሁ። ልቤ ያለው ግን የ1982ቱ ጋ ነው። ለአሜሪካ ሬዲዮ ለብቻው የተቀዳ ሌላ ቅጂም ስላለ፣ ስታወዳድሩ በአልበሞቹ ላይ ያሉትን አዳምጡ።