በርጫ ወይስ የተቀዳ ረጅም ቃለ ምልልስ?

ድሬዳዋ ላይ ስለ ፖለቲካና ባህል ጠለቅ ያለ ውይይት መስማት የሚፈልግ ሰው ከሰዓት በኋላ በርጫ፣ ማለትም ጫት እየተቃመ ወግ የሚደራበት ስብስብ ላይ ይቀመጣል፤ አለዚያም በዩቲዩብ የሚለቀቅ ረጅም ቃለ ምልልስ ይከታተላል።

ወጪ፦ በርጫ የጫት ገንዘብና ግማሽ ቀን ይጠይቃል። ቃለ ምልልስ ግን ሥራ እየሠሩም ይሰማል።

ጥልቀት፦ ከተማዋ ለምን ለፌዴራል መንግሥት ተጠሪ ሆነች የሚለውን ጥያቄ እንውሰድ። የተዘጋጀ ጠያቂ የከተማዋን የ1996 ዓ.ም. ቻርተር (መተዳደሪያ አዋጅ) ይዞ፣ የኦሮሚያና የሶማሌ ክልሎችን የይገባኛል ጥያቄ እየጠቀሰ እንግዳውን ወደ ነጥቡ ሊመልሰው ይችላል። በርጫ ላይ ሰነድ የሚያገላብጥ አይገኝም፤ ሆኖም ጥያቄው ከቀፊራ ገበያ ነጋዴ ወደ ጡረተኛ የባቡር ሠራተኛ፣ ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛና ሶማልኛ እየተሻገረ ሲነሳ፣ ቻርተሩ ያልጻፈው የጉርብትና ታሪክ ይወጣል። ለእኔ ትልቁ ዋጋው ይህ ነው፤ ተናጋሪው ወዲያው የሚሞግተው ሰው ፊት ለፊቱ ተቀምጧል።

ስጋት፦ ምርቃና (የጫቱ ሞቅታ) ሲጀምር ወሬው እንደ ማስረጃ ይቆጠራል፤ ወንዶችና ሴቶችም ብዙ ጊዜ ለየብቻ ስለሚቀመጡ የከተማው ግማሽ ድምፅ ይቀራል። በቃለ ምልልስ ደግሞ እንግዳው መቀዳቱን ስለሚያውቅ ይጠነቀቃል፤ አርታኢውም የሚቆርጠውን አድማጩ አያይም።

ሕግን፣ በጀትን ወይም የምርጫ ጉዳይን ለመረዳት፣ በኋላም ጠቅሶ ለመከራከር ለሚፈልግ ቃለ ምልልሱ ይሻላል። ለከተማዋ አዲስ የሆነ፣ ወይም የገንደ ቆሬና የከዚራ ሰፈር ሰው አንድን ጉዳይ እንዴት ለየቅል እንደሚያየው ለማወቅ የሚሻ ግን በርጫው ላይ ይቀመጥ፤ ጫት ባይቅምም ሻይ ይዞ ማዳመጥ ይችላል።