ዋራም ፐርሲ፦ ነዋሪ የሌለው መንደር፣ ጣሪያ የሌለው ቤተ ክርስቲያን

በእንግሊዝ አገር ሰሜን ዮርክሻየር፣ ዎልድስ በሚባለው ኮረብታማ ገጠር የሚገኘውና የታሪክ ቅርሶችን የሚጠብቀው ድርጅት እንግሊሽ ሄሪቴጅ የሚያስተዳድረው ዋራም ፐርሲ ከ500 ዓመት ገደማ በፊት ሰው አልባ የሆነ መንደር ነው። መግቢያው ነጻ ነው፤ ሆኖም ከመኪና ማቆሚያው ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ በእግር የሚኬድ ሲሆን፣ መንገዱ ቁልቁለት ያለበትና ዝናብ ሲጥል የሚጨቀይ በመሆኑ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚንቀሳቀስ ጎብኚ አይመችም።

የፈራረሱ ቤቶችን አያለሁ ብሎ የሚሄድ ሰው ቅር መሰኘቱ አይቀርም። ከገበሬዎቹ ቤቶች የቀረው ሣር የለበሰ ጉብታ ብቻ ነው፤ የቤቶቹና የጓሮዎቹ ወሰን ጥርት ብሎ የሚለየውም ፀሐይ ዝቅ ብላ ጥላ ስትጥል ነው።

ጉብኝቱን የሚክሰው የቅዱስ ማርቲን ቤተ ክርስቲያን ነው። በ10ኛው ክፍለ ዘመን አነስተኛ የእንጨት ሕንጻ ሆኖ የተጀመረው ይህ ቤተ ክርስቲያን በድንጋይ ተተክቶ፣ ምእመናኑ ሲበዙ ግራና ቀኙ በጎን ክፍሎች ሰፋ፤ ሕዝቡ ሲመናመን ደግሞ ክፍሎቹ ፈርሰው፣ ወደ እነርሱ ያሳልፉ የነበሩት ቅስቶች በድንጋይ ተደፈኑ። የተደፈኑት ቅስቶች ዛሬም በግድግዳው ላይ በግልጽ ስለሚታዩ፣ የመንደሩን ማደግና ማነስ ከማንኛውም ገላጭ ሰሌዳ ይልቅ እነርሱ ያስረዳሉ ባይ ነኝ።

መንደሩን ያጠፋው ወረርሽኝ ነው የሚለው የተለመደ አባባል ትክክል አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1348–49ኙ ታላቅ ወረርሽኝ በኋላም ሰው ይኖርበት ነበር፤ የመጨረሻዎቹ ቤተሰቦች የተፈናቀሉት በ1500 አካባቢ፣ ባለመሬቱ ከእህል ይልቅ የበግ ሱፍ ስላዋጣው ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ግን የሌሎች መንደሮችም አጥቢያ ስለነበር ቀጠለ። ከእነዚህ አንዷ የሆነችው የቲክስንዴል መንደር በ1870 የራሷን ቤተ ክርስቲያን ካሠራች በኋላ አገልግሎቱ ቀዘቀዘ፤ በ1949 የመጨረሻው ጸሎት ተደረገበት፤ በ1959 ደግሞ የደወል ማማው በከፊል ተናደ።

ይህን ሁሉ ልናውቅ የቻልነው የታሪክ ምሁሩ ሞሪስ ቤረስፎርድና አርኪዮሎጂስቱ ጆን ኸርስት ከ1950 እስከ 1990 በየበጋው ባካሄዱት ቁፋሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት በመንደሩ ከተገኙት አጽሞች አንዳንዶቹ ከሞት በኋላ የተቆራረጡና የተቃጠሉ መሆናቸውን አሳይቷል፤ ተመራማሪዎቹም ሙታን እንዳይነሡ ታስቦ የተደረገ ሳይሆን አይቀርም ብለዋል። ልጆች ይዞ የሚሄድ ወላጅ ለዚህኛው ጥያቄ ቢዘጋጅ መልካም ነው።

የሚሄድ ሰው በቅድሚያ ቅስቶቹን አይቶ፣ ከዚያ ወደ ጉብታዎቹ ቢወጣ ይሻለዋል።