ተንሳፋፊ የቆሮሶ መኖ፦ 32 በመቶ ፕሮቲኑ ዋጋውን ያወጣል?

ይህ ግምገማ የሚመለከተው አገር ውስጥ ተዘጋጅቶ በ25 ኪሎ ከረጢት የሚሸጥ፣ የእንክብሉ ስፋት 3 ሚሊ ሜትር የሆነና በማደግ ላይ ላለ ቆሮሶ (ቲላፒያ ዓሣ) የታሰበ ተንሳፋፊ መኖ ነው። ኩሬዎቼ የሚገኙት በቢሾፍቱ አካባቢ ሲሆን፣ ከዚህ መኖ በፊት ዓሦቼን የምመግበው በኑግ ፋጉሎና በስንዴ ፉርሽካ ድብልቅ ስለነበር፣ ፍርዴም ሁለቱን በማነጻጸር ላይ የተመሠረተ ነው።

አብዛኛው አርቢ መኖ ሲገዛ አስቀድሞ የሚጠይቀው የፕሮቲኑን መጠን ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም። ቆሮሶ ለመዋኘትና ለመተንፈስ የሚያስፈልገውን ኃይል ከካርቦሃይድሬትና ከስብ ካላገኘ፣ ሥጋ ሊሆንለት የሚገባውን ፕሮቲን ኃይል አድርጎ ያቃጥለዋል፤ ከፕሮቲኑ የሚለየው ናይትሮጅን ደግሞ አሞኒያ ሆኖ ወደ ኩሬው ውኃ ይወጣል። በዚህም አርቢው እጅግ ውድ የሆነውን የመኖውን ክፍል ከማባከኑም በላይ ውኃውን ያበላሻል። በአንጻሩ ካርቦሃይድሬቱ ከልክ ካለፈ ዓሣው የሚያስፈልገውን ፕሮቲን ሳያገኝ ይጠግባል፤ ትርፉም በጉበቱና በሆድ ዕቃው ዙሪያ ስብ ሆኖ ይከማቻል። ደግነቱ ቆሮሶ እንደ ትራውት ካሉ ሥጋ በል ዓሦች በተሻለ ሁኔታ ስታርች (በእህል ውስጥ የሚገኘውን ካርቦሃይድሬት) መጠቀም ስለሚችል፣ እስከ 35 ወይም 40 በመቶ ካርቦሃይድሬት ያለበት መኖ ይስማማዋል።

በከረጢቱ ላይ ፕሮቲን 32፣ ስብ 6፣ አሰር (ዓሣው የማይፈጨው የተክል ክፍል) 6፣ እርጥበት 10 በመቶ ተብሎ ተጽፏል። ካርቦሃይድሬቱ ግን አልተጻፈም። እርግጥ ነው፣ ከመቶ ላይ ሌሎቹን ሁሉ በመቀነስ ሊገኝ ይችላል፤ ለዚህ ስሌት የግድ የሚያስፈልገው የአመድ (መኖው ሲቃጠል የሚቀረው ማዕድን) መጠን ግን በዝርዝሩ ውስጥ የለም። አመዱ 9 በመቶ ነው ብለን ብንነሣ 37 በመቶ ካርቦሃይድሬት ይቀራል፤ ይህም ለቆሮሶ ጥሩ ሚዛን ነው። ነገር ግን አምራቹ አንድ ቁጥር ቢጨምር ኖሮ ገዢው በግምት ባልሠራ ነበር።

የመኖው ትልቁ ብልጫ ካርቦሃይድሬቱ የበሰለ መሆኑ ነው። እንክብሉ የሚንሳፈፈው ዱቄቱ በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት ተጨምቆ ሲወጣ ስታርቹ ስለሚያብጥና አየር ስለሚይዝ ነው፤ የበሰለ ስታርች ደግሞ ከጥሬው ይልቅ ለዓሣ ሆድ ይቀላል። አንድ እፍኝ በባልዲ ውኃ ውስጥ ጨምሬ ስመለከት ሳይፈርስ ለረጅም ጊዜ ተንሳፍፎ ይቆያል። በኩሬም ላይ ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው ሲበሉ ስለሚታዩ፣ ፍላጎታቸው ሲቀንስ እጅን መሰብሰብ ይቻላል። በሥጋ መፍጫ ተጨምቆ በፀሐይ የሚደርቀው የቤት እንክብል ግን ይሰምጣል፤ ምን ያህሉ እንደተበላና ምን ያህሉ ከሥር እንደበሰበሰ ማወቅ አይቻልም።

ለምን ቤት አላዘጋጅም ለሚል አርቢ ስሌቱን ማየት ይበጃል። የኑግ ፋጉሎ 30 በመቶ ገደማ፣ ፉርሽካ 16 በመቶ ገደማ ፕሮቲን አላቸው። ከሁለቱ 28 በመቶ ፕሮቲን ያለው ድብልቅ ለማውጣት ስድስት እጅ ፋጉሎ ለአንድ እጅ ፉርሽካ ያስፈልጋል። በወረቀት ላይ ፕሮቲኑ ተሟላ ማለት ነው፤ ሆኖም ፋጉሎው አሰሩ ብዙ ስለሆነ የድብልቁ አሰር ከ15 በመቶ በላይ ይሆናል፤ ለቆሮሶ የሚመከረው ግን ከ8 እስከ 10 በመቶ እንዳያልፍ ነው። አሰር በመሠረቱ ካርቦሃይድሬት ቢሆንም ዓሣው ኃይል ሊያወጣበት አይችልም፤ ስለዚህ ድብልቁ ፕሮቲን እያለው ኃይል ያንሰዋል፤ ዓሣውም ወደ ፕሮቲኑ ይዞራል። በዚያ ላይ የኑግ ፕሮቲን ላይሲን (ፕሮቲን ከሚገነባባቸው አሚኖ አሲዶች አንዱ) ይጎድለዋል። ለዚህ መድኃኒቱ ላይሲን የሚበዛበትን አኩሪ አተር በደንብ ቆልቶ መጨመር (ጥሬው የፕሮቲንን መፈጨት ስለሚያግድ መቆላቱ ግዴታ ነው)፣ ስታርቹን ደግሞ ከተቀቀለ የበቆሎ ዱቄት ማግኘት ነው። ይህን በትዕግሥት የሚሠራ ሰው ደህና መኖ ያገኛል፤ ፋጉሎና ፉርሽካ ብቻ የሚቀላቅል ግን ርካሽ መኖ እየገዛ ውድ ዓሣ ያመርታል።

በማደግ ላይ ላለ ዓሣ የታሰበው መኖ ለሁሉም ዕድሜ ተስማሚ እንደሆነ ተደርጎ መሸጡን አልቀበልም። ለትንንሽ የዓሣ ጫጩቶች እንክብሉ ከአፋቸው በላይ ከመሆኑም ሌላ፣ እነርሱ 40 በመቶ ገደማ ፕሮቲን ያስፈልጋቸዋል። በሌላ በኩል በፍግ ለምቶ ውኃው አረንጓዴ በሆነ ኩሬ ውስጥ ላለ ትልቅ ዓሣ 32 በመቶው ከሚገባው በላይ ነው፤ በውኃው ውስጥ ያለው ደቃቅ ሕይወት ራሱ ፕሮቲን ስለሆነ ከ25 እስከ 28 በመቶ ያለው፣ ስታርቹ ከፍ ያለ መኖ በአነስተኛ ወጪ ያንኑ ሥራ በሠራ ነበር። ይህ መኖ በእውነት ዋጋውን የሚያወጣው ዓሣው የተፈጥሮ ምግብ በማያገኝበት፣ በሲሚንቶ ገንዳ ወይም ተጠጋግቶ በሚረባበት ቦታ ነው።

ሌላው ጉድለት የአመጋገብ ሠንጠረዡ ነው። ሠንጠረዡ የዓሣውን ክብደት ብቻ ተከትሎ የዕለት መጠን ሲወስን የውኃውን ሙቀት አይጠይቅም። ቆሮሶ በደንብ የሚበላው ውኃው ከ26 እስከ 30 ዲግሪ ሲሆን ነው፤ ከ20 በታች ሲወርድ ፍላጎቱ ክፉኛ ይቀንሳል። በ1,900 ሜትር ከፍታ አካባቢ የምንገኝ አርቢዎች ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ብርድ ሠንጠረዡን ብንከተል ግማሹን መኖ ለአሞኒያ እንገብራለን። አብዛኞቻችን ደግሞ ዓሣውን ለዓቢይ ጾም ገበያ ማድረስ ስለምንፈልግ፣ ልክ በብርዱ ወራት እጃችን መኖ ለመጨመር ይቸኩላል። መፍትሔው ክብደት የመጨመሩን ሥራ ከብርዱ በፊት ማከናወን፣ በብርዱ ጊዜ ደግሞ ውኃው ሞቅ በሚልበት ከቀትር በኋላ ጥቂት ብቻ መስጠት ነው።

ከከረጢቶቹ ግርጌ የሚገኘው ብናኝ በዓሣ ስለማይበላ አጥልሎ ማውጣት ያስፈልጋል። የተመረተበት ቀን በደበዘዘ ማኅተም የተመታ በመሆኑ ለማንበብ ያስቸግራል፤ ስቡ በቆይታ የሚበላሽ፣ በእርጥበትም የሚሻግት መኖ ስለሆነ ቀኑ የማይነበበውን ከረጢት አለመረከብ፣ የተገዛውንም ከወለል ከፍ አድርጎ በአንድ ወር ውስጥ መጨረስ ይሻላል።