ጋንስተን ሆል፦ የጆርጆች ቤት

ቨርጂኒያ ያላችሁ ሀበሾች፣ ፌርፋክስ ካውንቲ ያለውን ጋንስተን ሆልን ካላያችሁ አንድ ቅዳሜ መድቡለት። በፖቶማክ ወንዝ አቅራቢያ ያለ ሙዚየም ነው። ያሠራው ጆርጅ ሜሰን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1776 የቨርጂኒያን የመብቶች መግለጫ ያረቀቀው ሰውዬ።

የዘር ሐረጉ ያደናግራል። የመጀመሪያው ጆርጅ በእንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት ከንጉሡ ጎን ቆሞ፣ ወገኑ በ1651 ዉስተር ላይ ሲሸነፍ ወደዚህ የተሰደደ ነው። ልጁ ጆርጅ፣ የልጅ ልጁም ጆርጅ፣ ቤቱን ያሠራውም ጆርጅ፣ የሱም የበኩር ልጅ ጆርጅ! በእኛ አጠራር ቢሆን መታወቂያው ላይ ጆርጅ ጆርጅ ጆርጅ ይባል ነበር። ሦስተኛው በ1735 ፖቶማክ ላይ ሰጥሞ ሞተ። ኑዛዜ ስላልነበረ በጊዜው ሕግ መሬቱ በሙሉ ለበኩር ልጁ፣ ለዘጠኝ ዓመቱ ጆርጅ፣ ተላለፈ። ለታናናሾቹ መሬት የገዛችላቸው እናትየው ናት፤ ለኔ የቤተሰቡ ጀግና እሷ ነች።

የውስጡ የእንጨት ቅርጽ በጣም ያምራል። ግን ቦታው የትንባሆ እርሻ ነበር፤ ትንባሆውን ያለሙት በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን ናቸው። ሜሰን ባርነትን እያወገዘ የራሱን ባሪያዎች ነፃ አላወጣም፤ ይሄን ሳያስቡ አዳራሹን ብቻ አድንቆ መውጣት ይከብዳል። ልጆች ካሏችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ ግቢው ሰፊ ነው።